የክረምት ዜና፣ ለመግቢያው ግድግዳ

የዕብራይስጡ ከፖስታ ሳጥኖቹ ጎን ተለጥፏል፤
ይሄኛው የእናንተ ነው፣ ፊደሌ ትንሽ ተንጋዷል፤
ስሕተት ያገኘ ያርመው፣ እስክሪብቶው በክር ታስሯል።

እንግዲህ፣ ክረምቱ ገባ በታኅሣሥ።
እናቴ ዛሬም አልለመደችም፤ ዣንጥላዋን ዘርግታ
"ክረምት በታኅሣሥ!" ትላለች፣ ሰማዩን ቀና ብላ አይታ፣
ትምህርት ቤት የሳተ ልጅ ይመስል።
አሁን ጥር ነው። ከነታንያ ዳር፣ ከፌርማታው ወዲያ፣ ከአሸዋው ጉብታ ሥር፣
በጋውን ሙሉ ስንጥቅ ጭቃና የላስቲክ ከረጢት የነበር
ኩሬ ሆኗል።
ሌሊት ወጥተን እንቁራሪት ቆጠርን፣ በጆሮ።
ዲማ ሠላሳ ሰማ፣ አቪያ አርባ፤
አልረታም ሲባባሉ ዝናብ መጣ፣ ሁሉም ቤቱ ገባ።
መዝገቡ ሠላሳ አምስት ይላል።

አይሪሱም ወጥቷል፣ ሦስት ብቻ፣
ጥቁር ለመባል ትንሽ የቀረው ሐምራዊ።
አምና አንዱን የቀጠፈ ሰው አለ፤ ስሙን አልጽፍም፣
አምስተኛ ፎቅ ነው።

ሥራችሁ ምንድን ነው ላላችሁን፦ ዛፍ እንቆርጣለን።
አዎ፣ "ተፈጥሮ ጠባቂ" የሚል ካናቴራ ለብሰን።
አሸዋውን የወረሰው ያ ቢጫ አበባ ያለው
ከአውስትራሊያ ነው፤ ግራር ነው አሉን፤ እሾህ ግን የለው፣
ከሥሩ አይሪስ አይበቅልም፣ እንሽላሊትም አይጠጋው።
አለቃችን ኖጋ በዕብራይስጥ ምን እንደሚባል ነገረችን፤
ወደ አማርኛ ስመልሰው "መጤ" ሆነብኝ፣
እጄ ቆመ።
"ከውጭ የመጣ" ልበል? በዚህ ሕንፃ ያልመጣ ማን አለ?
"እንግዳ" ልበል? እንግዳው ደግሞ የጎረቤት ስም ነው፣
ሦስተኛ ፎቅ፣ በስተግራ።
ቦታውን ባዶ ተውኩት፦ ........ ዛፍ።

መጋዙ ደነዘ፣ ጓንቱ ተቀደደ፣ የጋሪው ጎማ ተነፈሰ።
ማዘጋጃ ቤቱ "ይታያል" አለ፤ እስካሁን ያየው የለም።
ስለዚህ ኩሬውን እየዞርን ሮጥን፣ ዙሩ በገንዘብ።
ወይዘሮ አስረሳሽ ለኦሽሪ በዙር አሥር ሼኬል ቃል ገቡ፣
ቀጭን ነው፣ ከሦስት አያልፍም ብለው።
በአሥራ ዘጠነኛው ከአግዳሚው ተነሥተው
"ልጄ፣ በእናትህ ሞት! ጡረታዬን ጨረስከው፣ ተቀመጥ!"
ሃያ ሦስት ላይ ቆመ።
አጉረመረሙ፣ ከፈሉ፣ ውኃም አጠጡት።

በዛፎች አዲስ ዓመት ማታ፣ በማኅበሩ አዳራሽ፣
ከቆረጥነው ግንድ የሠራናቸውን በርጩማዎች አጫረትን።
ስድስት ነበሩ፤ አንዱ ያነክሳል፣ የእኔ ሥራ ነው።
ከሃያ ተነሣ። ሳቅ ነበር።
አቶ እንግዳው ከኋላ እጃቸውን አነሡ፦ "መቶ።"
ማንም አልጨመረም። "ሁለት መቶ" አሉ፣ በራሳቸው ላይ።
ቀርበው አንካሳውን በመዳፋቸው ዳበሱት፣
ቅርፊቱን በጥፍራቸው ጫር አድርገው አሸተቱት።
"በመጣን በስድስተኛው ወር" አሉ፣ "የቀን ሥራ ተሰጠን።
ችግኝ በባልዲ። አሸዋው መንገዱን እንዳይበላ።
እኔ ነኝ የተከልኩት። ምናልባት ይሄንኑ።
ያዝ ተባለ፣ ያዘ። ልቀቅ ያለው የለም።"

ኖጋ ምን አሉ ብላ ጠየቀችኝ። ቶሎ አልመጣልኝም።
እሳቸው ብሩን ቆጥረው ሰጡና
"መጋዙ የሚወጣው በስንት ሰዓት ነው?" አሉ።

ድምር፦ አራት ሺህ ሰባት መቶ ሠላሳ ሼኬል፤
ከሳጥኑ ሁለት የኮት ቁልፍም ተገኝቷል፣ ባለቤቱ ይጠይቅ።

የፊታችን ማክሰኞ በአሥር ሰዓት፣ እዚህ አራት በሚሉት፣
ከፌርማታው እንነሣለን። ቦቲ ያለው ቦቲ ያድርግ።
አንካሳው በርጩማ ኩሬው ዳር ነው፣ የአቶ እንግዳው ነው፤
ባጠረው እግሩ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ አግብተናል።
ከላይ ለተውኩት ባዶ ቦታ የሚሆን ቃል ያለው ይጻፍ።
እስክሪብቶውን ግን፣ እባካችሁ፣ አትውሰዱት።